ሆዱን ሳታይ ጊታር አትግዛ

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፤

ባለፈው እሑድ ከዋሽንግተን ስትደውል «አጎቴ፣ ስድስት መቶ ዶላር አጠራቅሜአለሁ፤ ሴሚ-ሆሎው ጊታር ልገዛ ነው፤ የትኛውን ልግዛ?» ብለህ ጠየቅኸኝ። መስመሩ ተቋርጦ ሳልመልስልህ ቀረሁ። መቋረጡም ለደግ ሆነ። በዚያች ደቂቃ አንድ ስም ብጠራልህ ኖሮ በማግስቱ ገዝተኸው ታድር ነበር፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው የሚባለው። አሁን ተረጋግቼ ልጽፍልህ ተቀምጫለሁ። ረዘም ይልብሃል፤ ታገሠኝ።

ጊታር ይዤ መድረክ ላይ የወጣሁት በ1963 ዓ.ም. ነው። በሆቴልም፣ በክበብም፣ በሠርግም ተጫውቻለሁ። ሰዓት እላፊ በነበረበት ዘመን በሩ ተቆልፎ እስኪነጋ የተጫወትኩባቸውን ሌሊቶች ቆጥሬ አልጨርሳቸውም። በእጄ ካለፉት ጊታሮች ሁሉ ግን ያስለቀሰኝ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም መልኩን ወድጄ የገዛሁት። ማን ያርዳ የቀበረ፣ ማን ይናገር የነበረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ዓመት ሙሉ ከደመወዜ እየቆረጥኩ ያጠራቀምኩትን ይዤ ከተማ ውስጥ አንድ ሱቅ ገባሁ። ግድግዳው ላይ ቀይ ጊታር ተሰቅሏል፤ ጠርዙ በነጭ የተከፈፈ፣ ደረቱ ላይ የኤፍ ቅርጽ ያላቸው ሁለት ቀዳዳዎች ያሉት፣ ሲያዩት የሚያፈዝ። ዋጋ አልተከራከርኩም፤ በቅጡም አልሞከርኩትም። ሣሩን አይቶ ገደሉን እንደሳተው በሬ ሆንኩ። ለእንቁጣጣሽ ዋዜማ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ይዤው ወጣሁ። ባንዱ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ጊታሩ እጄ ሳይነካው ይጮህ ጀመር። ክሮቹን በመዳፌ ባፍናቸውም ሆዱ ዝም አላለም። ዘፋኙ ዞሮ አየኝ፤ ሕዝቡም አየኝ። በዕረፍት ሰዓት የእናቴን ነጠላ በሁለቱ ቀዳዳዎች ጠቅጥቄ ነው ሌሊቱን የጨረስኩት። ጊታሩ መጥፎ አልነበረም። ሆዱ ሙሉ በሙሉ ባዶ ነበር፤ እኔ ደግሞ ባዶ መሆኑን ሳልጠይቅ ገዛሁት።

ስለዚህ ከሆዱ እንጀምር።

በአገራችን ክር ያለው መሣሪያ ሁሉ ሆዱ ባዶ ነው። ክራሩም፣ መሰንቆውም፣ በገናውም ድምፁን የሚያገኘው ከገበቴውና ከቆዳው ነው። ድፍኑ ኤሌክትሪክ ጊታር መጀመሪያ ስንሰማው ደረቅ የሚመስለን ለዚህ ይመስለኛል፤ ሆድ የለውም። ሆዱ ባዶ የሆነው ጊታር በበኩሉ ለጆሯችን ቅርብ ነው፤ አምፕሊፋየር ፊት ሲቆም ግን ጉዱ ይፈላል። ከድምፅ ማጉያው የሚወጣው ድምፅ ተመልሶ የጊታሩን ደረት ይመታል፤ ደረቱ ክሮቹን ያንቀጠቅጣል፤ ከክሮቹ ሥር ያለው ድምፅ መያዣ፣ ፒክአፑ፣ ያንን ይይዝና መልሶ ወደ ማጉያው ይልካል። ድምፁ እንዲህ እየዞረ ራሱን በራሱ ያሳድጋል፤ ፊድባክ የምንለው ጩኸት ይኸው ነው። ሴሚ-ሆሎው የተሠራው ለዚህ መድኃኒት እንዲሆን ነው። ግራና ቀኙ ባዶ ነው፤ መሀሉን ግን ከአንገቱ ሥር እስከ ጭራው ድረስ ድፍን ግንድ ያልፍበታል። ፒክአፖቹና ክሮቹ የሚቀመጡበት ብሪጅ ግንዱ ላይ ያርፋሉ፤ ደረቱም እንደ ልቡ መንቀጥቀጥ አይችልም። ከባዶው ለስላሳነቱን፣ ከድፍኑ ጽናቱን ወሰደ ማለት ነው።

ነገሩ ከየት እንደመጣ ብታውቅ መልካም ነው። እ.ኤ.አ. በ1940 ገደማ ሌስ ፖል የሚባለው አሜሪካዊ ጊታሪስት ኒው ዮርክ በሚገኘው የኤፒፎን ፋብሪካ ውስጥ፣ ሠራተኞች በሌሉበት ሰዓት እየገባ፣ በአንድ የጥድ አጠና ላይ ክርና ፒክአፕ ገጠመ። ስሙንም «ግንዱ» አለው። ራሱ ደጋግሞ እንደተናገረው አጠናውን ብቻ ይዞ ሲጫወት ሰው ከቁም ነገርም አልቆጠረው፤ የጊታር ክንፎች በግራና በቀኝ ሲለጥፍበት ግን ያው ድምፅ ተወደደለት። ሰው በዓይኑም ይሰማል፤ እኔም በዚያ ሱቅ የሰማሁት በዓይኔ ነበር። በ1958 ደግሞ ሚሺጋን ውስጥ ካላማዙ ከተማ የነበረው የጊታር ፋብሪካ ጊብሰን፣ በቴድ ማካርቲ ፕሬዚዳንትነት ዘመን፣ ኢ-ኤስ-335ን አወጣ። ዛሬ ሴሚ-ሆሎው ተብሎ የሚሸጠው አብዛኛው ጊታር የዚያ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ነው። ወርዱ 40 ሳንቲሜትር ገደማ፣ ውፍረቱ ከ5 ሳንቲሜትር ያነሰ፤ የክሩ ርዝመት ወደ 63 ሳንቲሜትር። ይህ የክር ርዝመት ከፌንደር ኩባንያ ጊታሮች በ2 ሳንቲሜትር ያህል ያጥራል፤ ስለዚህ ክሩ ለጣት ይላላል፣ ሲስቡት ይታዘዛል። ትዝታን ጎተት እያደረገ ለሚጫወት ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

አንድ ወጥመድ ላስጠንቅቅህ። ኤፒፎን ካዚኖ የሚባል ጊታር አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1961 የወጣ፣ የቢትልስ ልጆች የወደዱት፣ ስም ያለው ጊታር ነው። ሲያዩት ከ335 አይለይም። ሆኖም ውስጡ ግንድ የለውም፤ ሙሉ በሙሉ ባዶ ነው። ለቀረጻና ለዝግ ያለ ሙዚቃ ማለፊያ ነው፤ ለሚጮህ ባንድ ግን የእናቴ ነጠላ ያስፈልገዋል። ይህን እንዴት ትለያለህ? የስልክህን መብራት አብርተህ በኤፍ ቀዳዳው ወደ ውስጥ ተመልከት። ከመሀል በኩል ድፍን የእንጨት ግድግዳ ከታየህ ግንዱ አለ። ዓይንህ በሆዱ አልፎ በወዲያኛው ቀዳዳ ብርሃን ካየ ባዶ ነው። በዚያው ዓይን የማጣበቂያውን ሁኔታ እይ፤ የተንጠባጠበ ኮላ ውበት ቢቀንስ እንጂ አይገድልም፤ የተላቀቀ እንጨት ግን ይዘኸው እንዳትወጣ።

አሁን ጥያቄው ወደ አንተ ይመለስ፦ የት ነው የምትጫወተው? ከጊታሩ በፊት ቤቱ ይታወቅ። አንተ የነገርከኝ ቅዳሜ ቅዳሜ ማታ በአንድ የአበሻ ምግብ ቤት፣ ከኪቦርድና ከሳክስፎን ጋር፣ ሰው እራት እየበላ እንደምትጫወት ነው። ቤትህም አፓርታማ ነው፤ ጎረቤት አለብህ። እንዲህ ከሆነ ምርጫህ ተስማምቶኛል። ሴሚ-ሆሎው ሳይሰካም ለራስ የሚበቃ ድምፅ አለው፤ ሌሊት አልጋህ ላይ ተቀምጠህ ማንንም ሳትቀሰቅስ ትለማመድበታለህ። ምግብ ቤት ውስጥም ሳይጮህ ይሰማል። በትልቅ አዳራሽ ከበሮው አጠገብ ቆመህ ከባድ ሮክ ልትጫወት ቢሆን ኖሮ ግን ድፍኑን ግዛ እልህ ነበር። ሁለት ወዶ አይሆንም።

ምግብ ቤት ስል ትዝ አለኝ፤ ማቀዝቀዣው፣ የኒዮን መብራቱና የወጥ ቤቱ ሞተር ሁሉ ኤሌክትሪክ ውስጥ ሁካታ ይጨምራሉ። ስለዚህ ፒክአፑን እይ። ሃምበከር የሚባለው ሁለት ጥቅል ሽቦ ያለው ነው፤ ሁለቱ በተቃራኒ የተጠቀለሉ፣ ማግኔታቸውም የተገለበጠ ስለሆነ አንዱ የያዘውን የመብራት እምምታ ሌላው ያጠፋዋል። የጊብሰኑ መሐንዲስ ሴት ላቨር እ.ኤ.አ. በ1955 ነው የሠራው። ፒ-90 የሚባለው ባለ አንድ ጥቅል ነው፤ ድምፁ ጥርስ አለው፣ እኔም እወደዋለሁ፤ ነገር ግን ከማቀዝቀዣው ጋር አብሮ ያዜማል። አንተ ለምትጫወትበት ምግብ ቤት ሃምበከር ይሻላል። የአንገቱን ፒክአፕ ብቻ ክፈትና የቶን ቁልፉን ግማሽ ድረስ ዝቅ አድርገህ አንድ የትዝታ ሐረግ ተጫወትበት፤ ድምፁ እንደ ጥሩ ጠጅ ወፍሮ ከመጣ ፒክአፑ ይበቃሃል። እንደ ጭቃ ከደፈነብህ ግን ሌላውን ሞክር።

ወደ ስሞቹ እንሂድ። አዲስ የጊብሰን 335 ዛሬ 3,000 ዶላር ገደማና ከዚያ በላይ ነው። አትየው አልልህም፤ ሱቅ ስትገባ አንዴ አንሥተህ ተጫወትበት፣ ጆሮህ መለኪያ ያግኝ፤ ከዚያ መልሰህ ስቀለው። እንደ ቤትህ እንጂ እንደ ጎረቤትህ አትኑር። በክሬዲት ካርድ እየከፈልኩ እወስደዋለሁ የሚል ሐሳብ ከመጣብህ ደግሞ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ያ ነው። በዕዳ የተገዛ ጊታር ሲይዙት ይከብዳል፤ ይህንን ከባልንጀሮቼ አይቻለሁ።

የብሉዙን ጊታሪስት ቢ.ቢ. ኪንግን አስብ። ለጊታሩ ያወጣው ሉሲል የሚለው ስም ከአንድ እንጨት ጋር የተጣበቀ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1949 አርካንሳስ ውስጥ ትዊስት በምትባል መንደር ጠብ ተነሥቶ የዳንስ ቤት ሲቃጠል ጊታሩን ለማውጣት ወደ እሳቱ ተመልሶ ገባ፤ የጠቡ ምክንያት የነበረችው ሴት ስሟ ሉሲል መሆኑን ሲሰማ ጊታሩን በስሟ ጠራ። ከዚያ በኋላ በየዘመኑ የያዛቸው ጊታሮች ሁሉ ሉሲል ሆኑ። ሰውዬው አንዱን ሲተው ድምፁ አብሮ አልተተወም። ጩኸት ለመከላከልም እንደኔ በቀዳዳው ጨርቅ ይጠቀጥቅ ነበር፤ በ1980 ጊብሰን በሉሲል ስም ያወጣለት ጊታር ቀዳዳ የሌለው የሆነው ለዚህ ነው። እኛም ዘንድ የአይቤክስንና የሮሃን ባንድ ሙዚቃ የሰማ ሰው የሰላም ሥዩምን ጊታር የሚለየው የጊታሩን ስም አይቶ አይደለም። የሰው ወርቅ አያደምቅ፤ የእጅህን ድምፅ የሚያወጣልህን ፈልግ።

በአንተ ገንዘብ የሚገኙት እነዚህ ናቸው። ኤፒፎን አለ፤ ጊብሰን እ.ኤ.አ. በ1957 የገዛው ኩባንያ ስለሆነ 335ን በዚያው ቅርጽና በዚያው ስም የመሥራት መብት አለው፤ አስመስሎ የተሠራ አይደለም። ዛሬ አብዛኛው ቻይና ውስጥ ይሠራል። ዶት የሚባለው የቀድሞ ሞዴሉ ለብዙ ዓመታት የድኃው 335 ሆኖ ኖሯል። የጃፓኑ አይባኔዝ አርትኮር የሚባል ተከታታይ አለው፤ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ የሚሠራው ኤ-ኤስ-73 ብዙ ወጣት ሙዚቀኛ ያስተማረ ጊታር ነው፤ አንገቱ ቀጠን ያለ፣ ለትንሽ እጅ የሚመች። ግሬች ስትሪምላይነር አለ፤ ሴንተር ብሎክ የሚል ቃል ስሙ ላይ መኖሩን አረጋግጥ፤ ያለዚያ ባዶው ሊሆን ይችላል። የፌንደር ታናሽ የሆነው ስኳየር ስታርካስተር የሚባል ጎኑ ዘመም ያለ ርካሽ ጊታር ያወጣል። አውሮፓ ያሉ ዘመዶቻችን ደግሞ ቶማን የሚባለው የጀርመን ሱቅ ሃርሊ ቤንተን በሚል ስም የሚያሠራውን ያገኛሉ። አብዛኞቹ ከ300 እስከ 700 ዶላር መካከል ይዋልላሉ።

በእነዚህ መካከል ያለው ልዩነት አንተ ከምታስበው ያነሰ ነው። ሁሉም ሆዳቸው ከኮምፔርሳቶ ነው። ኮምፔርሳቶ ስልህ ፊትህ እንዳይጠቁር፤ የ1958ቱም ጊብሰን ደረቱ ከተደራረበ ስስ እንጨት ነው የተሠራው። እንዲያውም ይጠቅምሃል፤ የተደራረበ እንጨት በብርዱ ወራት በማሞቂያ ሲደርቅና በሙቀቱ ወራት እርጥበት ሲመጣ እንደ ድፍን ሰሌዳ አይሰነጠቅም። ትልቁ ልዩነት ያለው በአንድ ስም ውስጥ፣ በዚህኛውና በዚያኛው ጊታር መካከል ነው። ከአንድ ፋብሪካ፣ በአንድ ቀን የወጡ ሁለት መንትዮች አንዱ ይዘፍናል፣ አንዱ ያጉረመርማል። ስለዚህ ሞዴል መርጠህ በፖስታ አታስመጣ፤ ሄደህ በእጅህ ያዝ። ይኸው ፈረሱ፣ ይኸው ሜዳው።

ሱቅ ስትገባ መጀመሪያ ኬብል አትጠይቅ። ሳትሰካው ተጫወት። ባዶውን ክር ምታና እስኪጠፋ አድምጥ፤ እጅህን ደረቱ ላይ አድርገህ መንቀጥቀጡን ስማ። ሳይሰካ የሞተ ጊታር ተሰክቶ አይነሣም። ቀጥሎ እያንዳንዱን ክር በእያንዳንዱ ፍሬት ላይ ተጫን፤ ሁሉንም፣ ሃያ ሁለቱንም። ሻጩ ቢሰለች ይሰልች። የሚያንዛዛ ፍሬት ካገኘህ ልብ በል። በበገና ላይ ያ እዝዝታ ጌጥ ነው፤ እንዚራ የምትባለውን ቆዳ በየክሩ ሥር የምናስገባው እንዲያንዛዛ ብለን ነው። በጊታር ላይ ግን ሕመም ነው፤ አንዳንዴ በአንድ ዙር ቁልፍ የሚድን፣ አንዳንዴ የማይድን። ለመለየት የመጀመሪያውን ፍሬትና አንገቱ ሆዱን የሚነካበትን ፍሬት በአንድ ጊዜ ተጫንና ሰባተኛው አካባቢ በክሩና በፍሬቱ መካከል ያለውን ክፍተት እይ። የስም ካርድ ውፍረት ያህል ወይም ከዚያ ትንሽ ያነሰ ከሆነ አንገቱ ደኅና ነው። ከበዛ በአንገቱ ውስጥ የተቀበረው ብረት ይስተካከላል። አንገቱ እንደ ገመድ የተጠማዘዘ ከሆነ ግን፣ ከጭራው በኩል በአንድ ዓይንህ እያነጣጠርክ ብታይ ይታወቅሃል፤ ያንን ጊታር ቢመርቁልህም አትውሰድ።

እጅህን በአንገቱ ጠርዝ ላይ ከላይ እስከ ታች አሳልፍ። የፍሬቶቹ ጫፍ ከቧጠጠህ እንጨቱ ደርቆ ተሰብስቧል ማለት ነው፤ ሞራጅ ይጨርሰዋል፣ ዋጋ ለማስቀነሻም ይሆንሃል። ደጅ አዝማችነት ካልተናገሩ ይቀራል።

አሁን ብዙ ሰው ወደማያያት ትንሽ ነገር ልውሰድህ። በአንገቱ ጫፍ፣ ከመቃኛ ቁልፎቹ በታች ክሮቹ የሚያልፉባት ስድስት ሰርጥ ያላት ቁራጭ አለች፤ ነት ይሏታል። በርካሽ ጊታር ላይ ርካሹ ቁራጭ ይህች ናት፤ ከፕላስቲክ የተሠራች፣ ሰርጧ በወጉ ያልተሞረደ። ሰው «ይህ ጊታር ቅኝቱ አይረጋም» እያለ መቃኛ ቁልፎቹን ይረግማል፤ በደለኛዋ ብዙ ጊዜ እሷ ናት። ስትቃኝ «ቲንግ» የሚል ድምፅ ከሰማህ ክሩ ሰርጧ ውስጥ ተይዞ እየዘለለ ነው። ሦስተኛውን ክር ጎትተህ መልሰው፤ ቅኝቱ ከወረደ ያው ነው። የመጻፊያ እርሳስ ዱቄት በሰርጧ ብታደርግ ለጊዜው ይረዳል። ዘላቂው ግን ከከብት አጥንት በምትሠራ ነት መቀየር ነው፤ ጥቂት ዶላር የምታወጣ ቁራጭ ናት፣ የባለሙያው እጅ ነው ዋጋው። ጋን በጠጠር ይደገፋል። እኔ በርካሽ ጊታር ላይ ከዚህች ቁራጭ በላይ ለውጥ ያመጣ ነገር አላየሁም፤ ፒክአፕ ከመቀየርም፣ ሁሉ ከመቀየርም ይበልጣል።

አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ደግሞ ክሩን ሳትጫን ነካ አድርገህ የሚወጣውን ድምፅና ተጭነህ የሚወጣውን አወዳድር። አንድ መሆን አለባቸው። የሚለያዩ ከሆነ ብሪጁ ላይ ያሉት ትንንሽ ኮርቻዎች በብሎን ይስተካከላሉ። ይህን ችላ አትበል፤ አጠገብህ ያለው ኪቦርድ ስለማይሳሳት የአንተ ስሕተት ይጋለጣል።

አሁን ሰካው። በሴሚ-ሆሎው ላይ ከሁሉ የምፈራው ነገር ይህ ነው፦ ኤሌክትሪኩ። ድፍን ጊታር ከጀርባው ወይም ከፊቱ ክዳን አለው፤ ተከፍቶ ይሠራል። ሴሚ-ሆሎው አብዛኛውን ጊዜ የጀርባ ክዳን የለውም። አንድ ቁልፍ ከተበላሸ ሽቦው ሁሉ በኤፍ ቀዳዳው ተስቦ ይወጣል፣ ተበይዶ ደግሞ በክር እየተጎተተ አንድ በአንድ ወደ ቦታው ይመለሳል። ጀማሪ ባለሙያ አይደፍረውም፤ የሚደፍረውም ሰዓቱን ያስከፍላል። ስለዚህ እያንዳንዱን ቁልፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ አዙር፤ ቢንኮሻኮሽ፣ ድምፁ ቢጠፋና ቢመለስ ተው። ስዊቹን ሃያ ጊዜ አንቀሳቅስ። ኬብሉ የሚሰካበትን ጃክ ነቅነቅ አድርገው። በእነዚህ ጊታሮች ብዙ ጊዜ ጃኩ ደረቱ ላይ ስለሆነ፣ ኬብል የረገጠ ሰው ስሱን እንጨት ይሰነጥቀዋል፤ በጃኩ ዙሪያ ስንጥቅ ካለ ያየኸው አንተ ሁን፣ ሻጩ አይነግርህም። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል። የራስህ ሲሆንም ኬብሉን በማንገቻው ቀበቶ ሥር አሳልፈህ ስካው፤ ሲረገጥ ቀበቶው ይይዘዋል። ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል።

ቢግስቢ የሚባለውን ድምፅ የሚያንቀጠቅጥ እጀታ ያለውን ጊታር በዚህ ዋጋ አትንካ። ያምራል፤ ነገር ግን ያልተስተካከለች ነት ባለችበት ጊታር ላይ ቅኝት አይረጋም።

ያገለገለ ልግዛ ወይ ብለህ ሳትጠይቀኝ አልቀርም። አዎ፣ ግዛ። አሜሪካ ውስጥ ሰው ጊታር ይገዛና ሦስት ወር ሞክሮ ይሸጠዋል፤ ያገለገለ ዶት ወይም ኤ-ኤስ-73 አብዛኛውን ጊዜ ከ400 ዶላር በታች ይገኛል። ያገለገለ ስትገዛ አንድ ተጨማሪ ቦታ እይ፦ መቃኛ ቁልፎቹ ያሉበት ራስና አንገቱ የሚገናኙበትን ጀርባ። በዚህ ዓይነት ጊታር ራሱ ወደ ኋላ ያዘነበለ ስለሆነ፣ ሲወድቅ የሚሰበረው እዚያ ጋ ነው። እንደ ፀጉር የቀጠነች መስመር ካየህ ተሰብሮ ተጠግኗል። በደንብ የተጠገነ ዕድሜ ይሰጣል፤ ግን ዋጋው እንደ ደኅናው ሊሆን አይገባም። ጊብሰን የሚል ስም ተጽፎበት በአምስት መቶ ዶላር የሚሸጥልህ ሰው ካጋጠመህ ደግሞ አመስግነህ ሂድ፤ ስሙ እንጂ ጊታሩ ጊብሰን አይደለም።

ስድስት መቶ ብርህን፣ ይቅርታ ዶላርህን፣ ሁሉንም ለጊታሩ አታውለው። ይህን አጥብቄ ነው የምነግርህ። አራት መቶውን ለጊታሩ አድርግ። መቶውን ለባለሙያ ስጥ፤ ነቷን በአጥንት ይቀይር፣ አንገቱን ያስተካክል፣ የክሩን ከፍታ ያውርድ፣ ቅኝቱን ያስይዝ፣ ውፍረቱ ከ010 የሚጀምር አዲስ ክር ይግጠምበት። ቀሪው መቶ ለሣጥን ነው። ርካሾቹ ጊታሮች አብዛኞቹ ያለ ሣጥን ነው የሚሸጡት፤ የሴሚ-ሆሎው ሆድ ስስ ስለሆነ በጨርቅ ቦርሳ ብቻ በሜትሮ ባቡር ሲጋፋ ልቤ አያርፍም። ስድስት መቶ ዶላር የወጣበት፣ እጅ ያልነካው ጊታር ከአራት መቶው፣ ባለሙያ ካስተካከለው ጊታር ጋር ቢወዳደር እኔ ሁለተኛውን ነው የምይዘው፤ ያውም ዓይኔን ጨፍኜ።

ለገና ወደዚህ ስትመጣ ይዘኸው መምጣትህ አይቀርም። ክሮቹን ፈታ አድርጋቸው፣ ሙሉ በሙሉ ግን አታውጣቸው፤ የአንገቱን ራስ ከሥር በልብስ ደግፈው፤ ከቻልክ ከራስህ ጋር ወደ አውሮፕላኑ አስገባው። አምፕህን ግን ተወው። የአሜሪካው በ120 ቮልት የሚሠራ ነው፤ የእኛ መብራት 220 ነው። ጀርባውን አይተህ ሁለቱን እንደሚቀበል ካልተጻፈበት እዚህ ስትሰካው ይቃጠላል። ከአንድ የአውሮፓ ጉብኝት በተመለሰ ባልንጀራዬ ዘንድ አንድ ጥሩ አምፕ አለ፤ እሱን እንዋሰዋለን። ክር ግን አምስት ስድስት ፓኬት ጨምረህ አምጣልኝ።

የኔን ፍርድ ከፈለግኸው ይኸው፦ ያገለገለ ኤፒፎን ዶት ወይም አይባኔዝ ኤ-ኤስ-73፣ አንገቱ ቀጥ ያለ፣ ኤሌክትሪኩ ያልተነካካ፣ ቀለሙ ምንም ይሁን ምን። ከሁለቱ እጅህ የወደደውን ውሰድ። እኔ ከተጠየቅኩ ወደ ዶቱ አደላለሁ፤ አንገቱ ትንሽ ወፈር ይላል፣ የሰውን መዳፍ ይሞላል።

ቅዳሜ ሱቅ ስትገባ ደውልልኝ። እዚያ ቀትር ሲሆን እዚህ ይመሻል፤ አልተኛም፣ እጠብቅሃለሁ። ስልኩን ከደረቱ አጠገብ አስቀምጥና ሳትሰካው ስድስቱን ክር ከወፍራሙ ጀምረህ አንድ በአንድ አሰማኝ፤ እስኪጠፉ ጠብቅ፣ በላያቸው አትናገር።

አጎትህ